ዝናቡ ባሕር የማይደርስ አገር፦ ጭሮና የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሐረር የሚያቀናው አውራ ጎዳና አዋሽን ተሻግሮ የስምጥ ሸለቆውን ሜዳ ካቋረጠ በኋላ ሚኤሶ ላይ ሲደርስ ጠባዩን ይለውጣል። እስከዚያ ድረስ መንገዱና የባቡሩ ሐዲድ እምብዛም ሳይራራቁ ይጓዛሉ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ይለያያሉ። ሐዲዱ ቆላውን ይዞ በአፍደም በኩል ወደ ድሬዳዋ ሲዘልቅ፣ የመኪናው መንገድ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ታጥፎ ዳገቱን ይያያዘዋል። ከ25 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላም ከአዲስ አበባ 326 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ጭሮ ትታያለች። ብዙ መንገደኛ ዛሬም በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ ይላታል።

ሐዲዱና መንገዱ ለምን ተለያዩ? መልሱ ይህን አገር ለመረዳት ጥሩ መግቢያ ስለሚሆን ከዚያው እንጀምር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሥራ የመጀመሪያ ዓላማው ሐረር መግባት ነበር። ይሁን እንጂ የባቡር ጎማም ሐዲዱም ብረት በመሆናቸው በመካከላቸው ያለው ሰበቃ አነስተኛ ነው። በሜዳ ላይ ከባድ ጭነት በጥቂት ኃይል ለመጎተት የሚያስችለው ይኸው ጠባይ ዳገት ላይ ሲደርስ ጎማውን ያንሸራትተዋል። ስለዚህ ሐዲዱ ተራራውን ትቶ ከግርጌው አለፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ተቆረቆረች፤ በ1917 መስመሩ አዲስ አበባ ደረሰ። ከመቶ ዓመት በኋላ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር እንኳ የመረጠው ያንኑ ቆላ ነው። ሥራውን የተከፋፈሉት ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ወሰናቸውን ያደረጉት ሚኤሶን ነበር፤ አንደኛው ከሰበታ እስከ ሚኤሶ፣ ሌላው ከሚኤሶ እስከ ጅቡቲ ድንበር ያለውን ሠርተዋል።

እንግዲህ ባቡርን ሁለት ጊዜ የመለሰው ይህ ተራራ ጨርጨር ይባላል። የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች፣ እርሻዎች፣ ገበያዎችና ችግሮች ሁሉ ከእርሱ ከፍታ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ሁለት ክዳን ያለው ጣራ

ጨርጨር የስምጥ ሸለቆው ደቡብ ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። የምድር ቅርፊት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲሳብ መካከሉ ሰመጠ፤ ዳርና ዳሩ ከፍ ብሎ ቀረ። ይህ ሥራ ዛሬም አላበቃም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ከጨርጨር በስተምዕራብ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ ለወራት የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ ቅልጥ አለት ከሥር ሰርጎ ሲገባ የተፈጠረ ነበር፤ ከሁሉ የበረታውም በየካቲት ወር 2017 ዓ.ም. ደርሶ 6.0 ገደማ ተለክቷል።

ዳርቻው እንደ ተቆረሰ ዳቦ ሽፋኖቹን ያሳያል። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ከምድር ውስጥ እየፈሰሰ የተነባበረ ባዛልት ነው። ከእርሱ በታች ደግሞ የአሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ይገኛሉ። የኖራው ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ በጁራሲክ ዘመን፣ የዛሬዋ ምሥራቅ ኢትዮጵያ በባሕር ተሸፍና ሳለ ከባሕር ወለል ላይ የተከማቸ ነው። ይህን የኖራ ድንጋይ አንባቢ እንዲያስታውሰው እንጠይቃለን፤ መቻራ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ከተራራው ግርጌ፣ በደቡባዊው የአፋር ስምጥ ዳርቻ፣ ጮሮራ የተባለ ሥፍራ አለ። ገን ሱዋ፣ ብርሃነ አስፋው፣ ዮናስ በየነና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ኔቸር በተባለው መጽሔት ከዚያ የተገኙ ዘጠኝ የዝንጀሮ መሰል ፍጡር ጥርሶችን አስተዋወቁ፤ ስሙንም ጮሮራፒቴከስ አቢሲኒከስ አሉት። ጥርሶቹ በዛሬው ጎሪላ ጥርስ መጠን ያሉና ቅርጻቸውም የሚመስል ነው። ዕድሜው መጀመሪያ 10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተብሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው አዲስ ልኬት ግን ወደ 8 ሚሊዮን አውርዶታል። ከዚህ ዘመን የተገኘ የታላላቅ ዝንጀሮች ቅሪት በአፍሪካ በጣም ጥቂት በመሆኑ ዘጠኙ ጥርሶች ከቁጥራቸው በላይ ይመዝናሉ።

አሁን ጨርጨርን እንደ ቤት ጣራ እናስበው። በሰሜናዊው ክዳን ላይ የወደቀ ዝናብ ወደ አዋሽ ይወርዳል። በደቡባዊው ክዳን ላይ የወደቀው ደግሞ ራምስንና ገለቲን በመሳሰሉ ወንዞች አድርጎ ከባሌ ጋር ወሰን ወደሆነው ዋቢ ሸበሌ ይገባል። በሁለቱ መካከል ያለው ውኃ ክፍል አንዳንድ ቦታ ከአውራው ጎዳና ብዙም አይርቅም። የሚያስገርመው ግን የሁለቱ ወንዞች መጨረሻ ነው። አዋሽ በጅቡቲ ድንበር በአቤ ሐይቅ ውስጥ ተንኖ ያልቃል። ዋቢ ሸበሌም ሶማሊያ ገብቶ፣ ሕንድ ውቅያኖስ አጠገብ ከደረሰ በኋላ ወደ ደቡብ ታጥፎ በረግረግና በአሸዋ ውስጥ ይጠፋል፤ ከጁባ ወንዝ ጋር የሚገናኘው ከባድ ጎርፍ በሆነባቸው ዓመታት ብቻ ነው። ስለዚህ በጨርጨር አናት ላይ የሚወርደው ዝናብ በየትኛውም በኩል ቢፈስ ባሕር አይደርስም ማለት ይቻላል። አንድም በተክል፣ በእንስሳና በሰው ይጠጣል፤ አንድም በፀሐይ ይተንናል።

ከፍታው በሙቀት ላይ ያለውን ውጤት በቀላሉ ማስላት ይቻላል። በአማካይ 1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ በ6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። ጭሮ በ1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስትገኝ ሚኤሶ ከእርሷ 450 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ስለዚህ ሚኤሶ ላይ 30 ዲግሪ በሆነበት ቀትር ጭሮ ላይ 27 ቢሆን አያስደንቅም፤ ከ2,500 ሜትር በላይ በሚወጡት የቁኒ ሙክታር ተራሮች ላይ ደግሞ ወደ 22 ይወርዳል። በአንድ ጠዋት የአውቶቡስ ጉዞ ውስጥ ከግመል አገር ተነሥቶ በማሽላና በቡና አልፎ ገብስ ወደሚዘራበት ደጋ መድረስ የሚቻለው ለዚህ ነው።

ከተሞቹ

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ምዕራብ ሐረርጌ 1,871,706 ነዋሪ ነበረው። ስፋቱ ከ15,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ በካሬ ኪሎ ሜትር 124 ሰው ያህል ማለት ነው። ነገር ግን ይህ አማካይ ያሳስታል፤ ሕዝቡ በደጋውና በወይናደጋው ታጭቆ ሲኖር ቆላው የአርብቶ አደር አገር ነውና። ከተሞቹ ትንንሽ ናቸው፤ ጭሮ ራሷ በዚያን ጊዜ የነበራት ነዋሪ ከ33,000 ብዙም አይበልጥም።

የጭሮ አቆራቆር ከሌሎቹ የተለየ ታሪክ አለው። ጨርጨር የኢቱ ኦሮሞ አገር ነው፤ የገዳ ሸንጎውም ኦዳ ቡልቱም በተባለው ሥፍራ፣ በሾላ ጥላ ሥር፣ ይሰበሰብ ነበር። በ1870ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ በንጉሥ ምኒልክ ጦር ከተያዘ በኋላ አስተዳደሩ ለብዙ ዓመታት ደጋው ላይ ቁኒ ተቀመጠ። በ1910ዎቹ ግን ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዢ ሆነው ተሾሙ፤ አዲስ ከተማም አቋቁመው በአልጋ ወራሹ በራስ ተፈሪ ስም አሰበ ተፈሪ አሏት። ተክለ ሐዋርያት ከአድዋ ጦርነት በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተልከው የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ፣ በኋላም የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው፤ የመጀመሪያው አማርኛ ተውኔት ደራሲም እርሳቸው ናቸው።

በ1920ዎቹ ደግሞ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ተተኩ። የእርሳቸው ሕይወት ልቦለድ ይመስላል፤ እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ውጊያ በኋላ ወላጅ አልባ ሕፃን ሆነው የእንግሊዝ መኮንኖች ወደ ሕንድ ወሰዷቸው፣ ቻርልስ ማርቲን ተብለው አደጉ፣ ሕክምና ተምረውም አገራቸው ተመለሱ። በእርሳቸው ዘመን ጨርጨር ለሌሎች አውራጃዎች አርአያ እንዲሆን የታሰበ ሞዴል አውራጃ ነበር፤ መንገድ ወጣ፣ ግብርና ፍርድ ቤት በአዲስ ሥርዓት እንዲመሩ ተሞከረ። የኢጣሊያ ወረራ ሲመጣ ሁለቱ የጨርጨር ገዢዎች አንዱ በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት፣ ሌላው በለንደን፣ ለአገራቸው ይሟገቱ ነበር። አንድ የጠረፍ ያህል ራቅ ያለ አውራጃ ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎችን ተከታትሎ ማግኘቱ በታሪካችን ብዙ ጊዜ የማይገጥም ነገር ይመስለናል።

ዛሬ የከተማይቱ ይፋዊ ስም የጥንቱ የቦታው ስም ጭሮ ነው፤ ኦዳ ቡልቱምም ስሙን በከተማይቱ ለሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ሰጥቷል። ከጭሮ ወደ ምሥራቅ አውራው ጎዳና የተራራውን ጀርባ ይዞ በአርበረከቴና በሂርና ያልፋል። ወደ ደቡብ የሚገነጠለው መንገድ ደግሞ በዴሳን፣ ገለምሶንና መቻራን ያገናኛል። የመጀመሪያዎቹ የመንገደኛና የሹፌር ከተሞች ናቸው፤ የኋለኞቹ የቡናና የጫት። በቆላው ያሉት ሚኤሶና አሰቦት በባቡር ጣቢያ ዙሪያ ያደጉ ሲሆኑ፣ የግመልና የፍየል ገበያቸው ደገኛውንና አርብቶ አደሩን ያገናኛል። ከአሰቦት ሜዳ ላይ ብቻውን ቀጥ ብሎ በቆመው ተራራ ላይ ደግሞ የታወቀው የአሰቦት ገዳም አለ።

የመቻራ ዋሻዎች

አሁን ወደ ኖራው ድንጋይ እንመለስ። በደቡብ በኩል፣ በዳሮ ለቡ ወረዳ፣ በመቻራ አካባቢ ምድሩ ውስጥ ለውስጥ የተቦረቦረ ነው። አቸሬ፣ አይናጌ፣ በሮና ሩኪሳ የተባሉትና ሌሎችም ዋሻዎች ከመሬቱ ሥር ይዘረጋሉ። ሥራቸው በአንደኛ ደረጃ ኬሚስትሪ የሚገለጽ ነው። የዝናብ ውኃ በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ከሥሮችና ከረቂቅ ሕዋሳት እስትንፋስ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀበልና ደካማ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል፤ ይህ አሲድ የኖራውን ድንጋይ እየሟሟ ስንጥቁን ያሰፋል። ውኃው ጣራውን አልፎ ወደ ዋሻው ባዶ አየር ሲደርስ ግን የያዘውን ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙ ሲወጣ ሟሙቶ የነበረው ካልሲየም ካርቦኔት ተመልሶ ይረጋል። ጠብታው ከሚንጠለጠልበት ጣራ ላይ የሚያድገው ስታላክታይት፣ ከሚወድቅበት ወለል ላይ የሚነሣው ስታላግማይት ይባላል።

ስታላግማይት ለአየር ንብረት ተመራማሪ እንደ መዝገብ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ምሁር የሆኑት አስፋወሰን አስራትና በሕይወት የሌሉት መሐመድ ዑመር፣ ከእንግሊዛዊው አንዲ ቤከርና ከሌሎች ጋር ሆነው፣ ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመቻራን ዋሻዎች አጥንተዋል። ከእነዚህ ዋሻዎች በአንዳንዶቹ የሚገኙት ስታላግማይቶች እንደ ዛፍ የዓመት ቀለበት አላቸው፤ በማይክሮስኮፕ የሚታይ አንድ ስስ ሽፋን የአንድ ዓመት ዝናብ ያስቀመጠው ነው። ሽፋኑ ሲወፍር ድንጋዩ ያደገበት ዓመት ለእድገቱ የተመቸ ነበር ማለት ነው፤ ሲሳሳም ተቃራኒው።

ቀለበት መቁጠር ብቻውን ግን ዓመቱ ስንት እንደሆነ አይነግርም። ለዚህ የሚያገለግለው ዩራንየም ነው። ዩራንየም በውኃ ስለሚሟሟ ከጠብታው ጋር ወደ ድንጋዩ ይገባል፤ ቶሪየም ግን አይሟሟም ማለት ስለሚቻል አዲስ የረጋ ሽፋን ሲፈጠር ቶሪየም የለበትም። ከዚያ በኋላ ዩራንየም-234 በታወቀ ፍጥነት ወደ ቶሪየም-230 ይለወጣል። የሁለቱን መጠን የለካ ሰው ሰዓቱን አነበበ ማለት ነው። ሌላው ምስክር ኦክሲጅን ነው። ከተለመደው ኦክሲጅን-16 ጎን ለጎን ጥቂት ከባድ ኦክሲጅን-18 በዝናብ ውኃ ውስጥ ይገኛል፤ በሐሩር አገሮች ዝናቡ በበረታ ቁጥር በአብዛኛው የከባዱ ድርሻ ይቀንሳል። ይህም ድርሻ በድንጋዩ ውስጥ ታትሞ ይቀራል።

ከአቸሬ ዋሻ የተወሰደው አንድ ስታላግማይት ያደገው ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት ነበር። ዘመኑ ተራ ዘመን አይደለም። ሰሐራ ሐይቅና ሣር የነበረበት የአፍሪካ እርጥብ ዘመን ያበቃው በዚያው አካባቢ ነውና። የድንጋዩ ዓመታዊ ሽፋኖች ሲለኩ ዝናቡ ዝም ብሎ ከዓመት ዓመት የተምታታ አልነበረም፤ ዐሥርና ሃያ ዓመታት እየቆየ ከፍና ዝቅ ይል ነበር። በሌላ አነጋገር አንድ ገበሬ በወጣትነቱ ያየውን የዝናብ ልማድ በጎልማሳነቱ ላያገኘው ይችላል፤ ይህም የሰው ልጅ አየሩን በጭስ ከመለወጡ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት የነበረ ነገር ነው።

ዋሻዎቹን ለመጎብኘት ለሚያስቡ ተማሪዎች አንድ ነገር እናሳስብ፦ ስታላግማይት የሚያድገው በዓመት ከአንድ ሚሊ ሜትር እጅግ ባነሰ መጠን ነው። ለመታሰቢያ ተብሎ የሚሰበር አንድ ጣት ያህል ድንጋይ የብዙ መቶ ዓመታት መዝገብ ይዞ ይሄዳል።

ማሽላው፣ ቡናውና ጫቱ

ይህ የዝናብ መዋዠቅ ዛሬ በገበሬው ጓዳ የሚታይ ነው። ጨርጨር በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘንብለታል፤ ከየካቲት መጨረሻ እስከ ግንቦት በልግ፣ ከዚያም ክረምት። የአካባቢው ነባር ማሽላዎች፣ ለምሳሌ ሙይራና ፈንድሻ የሚባሉት፣ ረዣዥምና ዘግይተው የሚደርሱ ናቸው። በበልግ ይዘራሉ፣ የሚታጨዱት ግን ክረምት ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ዝናቦች ለእነርሱ አንድ ሰንሰለት ናቸው፤ በልጉ ከቀረ ገበሬው ቶሎ ወደሚደርስ፣ ምርቱም አገዳውም ወዳነሰ ዘር ይዞራል። አገዳው ማነሱ ደግሞ ቀላል ጉዳት አይደለም። የሐረር ሰንጋ እየተባለ በአዲስ አበባ ገበያ የሚወደሰው በሬ የሚደልበው ከማሳው እየሳሳ የሚነቀለውን ማሽላና በቆሎ በእጅ እየተጎረሰ ነው፤ አገዳው ማገዶም የቤት መሥሪያም ነው። በ1995 ዓ.ም. የነበረው ድርቅና በ2008 ዓ.ም. ከኤል ኒኞ ጋር የመጣው ድርቅ በዚህ ዞን ላይ የከበዱት የሰንሰለቱ አንድ ቀለበት በመበጠሱ ነው።

ማሽላ ሌላ ጠላት አለው፤ አቀንጭራ። ይህ ጥገኛ አረም በአፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆይና የማሽላው ሥር የሚያመነጨውን ስትሪጎላክቶን የተባለ ኬሚካል ሲያገኝ ብቻ ይበቅላል፤ ከዚያም ሥሩን ወግቶ ይመጠዋል። ይህን የኬሚካል ንግግር አጥንተው አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዘሮችን ያወጡት ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል፤ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የተማሩት እዚያው ሐረርጌ፣ በዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ነበር።

የጨርጨር ቡና በዓለም ገበያ የሚታወቀው ሐረር በሚል ስም ነው። ከነገለፈቱ በፀሐይ ስለሚደርቅ፣ ማለትም በጀንፈል መልክ ስለሚዘጋጅ፣ ሞካ የሚባለው ልዩ ጣዕም ይሰማበታል። ኢትዮጵያ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስከበር ተነሥታ እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ተስማምታለች። ከሐበሮ፣ ከገለምሶና ከዳሮ ለቡ የሚወጣው ቡና በዚህ ስም ሲሸጥ፣ የአብቃዮቹ ከተሞች ስም ከጆንያው ላይ አይታይም። የመቻራ የእርሻ ምርምር ማዕከል የተካፈለበት ምርምር ከአካባቢው ዘር ተመርጠው የወጡ ቡልቱም፣ ሐሩሳ፣ ሞካና መቻራ-1 የተባሉ የቡና ዝርያዎችን አስገኝቷል። ገበሬው ራሱ ብዙውን ጊዜ የሚጠጣው ግን ፍሬውን ሳይሆን ቁጢውን፣ የቡናውን ቅጠል አፍልቶ ነው፤ ፍሬው የገበያ ነውና።

ቡናውን ከብዙ ማሳ ያስወጣው ጫት ነው። የገበሬውን ስሌት ሳንመለከት መፍረድ አንፈልግም። ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ይለቀማል፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው የቡና ፍሬ በሽታ ደግሞ ፍሬውን ገና በጥሬው ያጠቁረዋል። ጫት ግን በዓመት ሁለትና ከዚያም በላይ ይቆረጣል፤ ድርቅ ይችላል፤ ገንዘቡም በዕለቱ እጅ ይገባል።

ኬሚስትሪው የዚህን ንግድ ጠባይ ይገልጠዋል። ስዊድናዊው ፔር ፎርስካል የሰጠው የተክሉ ሳይንሳዊ መግለጫ እ.ኤ.አ. በ1775 ቢታተምም፣ ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን በተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ተለይቶ የታወቀው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1975 ነው። ካቲኖን አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል ቢሆንም ዘላቂ አይደለም፤ ቅጠሉ ሲደርቅና ሲሰነብት ካቲን ወደተባለ ደካማ ውሕድ ይለወጣል። በተቆረጠ በሁለት ቀን ውስጥ አብዛኛው ኃይሉ ይጠፋል። ጫት በእርጥብ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚጓዘው፣ ከገለምሶና ከበዴሳ የሚነሣው አይሱዙም ጠመዝማዛውን መንገድ እንደዚያ የሚበርበት ምክንያት ይኸው ነው። በጨርጨር መንገድ ላይ የሚደርሰው አደጋ የሹፌር ጠባይ ብቻ አይደለም፤ የአንድ ሞለኪውል አለመጽናትም አለበት።

አፈሩ

የማኅበረሰቡ ገቢ በጫት ቢደገፍም ምግቡ አሁንም ከዳገቱ ማሳ ይጠበቃል፤ ዳገቱ ደግሞ እየሳሳ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ነጋዴ ሆኖ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1887 ከእንጦጦ ወደ ሐረር ሲመለስ በኢቱ አገር በኩል አልፏል፤ በጻፈውም የጉዞ ማስታወሻ ከፍ ያለ ግጦሽና ያማሩ ደኖች ያሉበት፣ አየሩ የሚስማማ አገር አድርጎ ገልጾታል። ከእነዚያ ደኖች የቀረው እንደ ዲንዲን ባሉ ጥቂት ሥፍራዎችና በቁኒ ሙክታር ተራራ ላይ ነው። ቁኒ ሙክታር እ.ኤ.አ. በ1990 የደጋ አጋዘን መጠለያ ሆኖ ተከልሏል። ደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ ሳይንስ ስም የሰጠውም ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። አብዛኛው በባሌ ሲኖር ጨርጨር የስርጭቱ ሰሜን ምሥራቃዊ ጫፍ ነው። መጠለያው ከተከለለ ብዙም ሳይቆይ በ1983 ዓ.ም. በመጣው የመንግሥት ለውጥ ወቅት አደንና ምንጣሮ በርትቶበታል።

ደን የሌለው ዳገት ስንት አፈር ያጣል? ይህን ለማወቅ የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ጀመሩ። ከጣቢያዎቹ አንዱ የተተከለው በጨርጨር ደጋ፣ ሁንዴ ላፍቶ ላይ ነበር። አሠራሩ ቀላልና ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፤ በዳገቱ ላይ ማሳ ይታጠራል፣ ከግርጌው ጋን ይቀበራል፣ ከእያንዳንዱ ዝናብ በኋላ የተጠራቀመው ውኃና ጭቃ ይለካል። አንዱ ማሳ እርከን ይሠራለታል፣ አንዱ አይሠራለትም። ከእነዚህ ጣቢያዎች የተገኘውን መረጃ ይዘው ሐንስ ሁርኒ ለኢትዮጵያ የታረሰ መሬት ያወጡት አማካይ ግምት በዓመት በሔክታር 42 ቶን ነው። አንባቢ ራሱ ያስላው፦ አንድ ሔክታር 10,000 ካሬ ሜትር ስለሆነ በአንድ ካሬ ሜትር 4.2 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ ይህም የአፈሩን ክብደት ስናስብ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ነው። በ25 ዓመት 10 ሴንቲ ሜትር። ይህ የአገር አማካይ መሆኑን አንዘንጋ፤ ቁጥሩ እንደ ዳገቱ፣ እንደ አፈሩና እንደ እርከኑ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ደግሞ መሬቱ ታርሶ ሰብሉ ገና ሳይሸፍነው በሚወርድ ዝናብ ነው። በጨርጨር ይህ በዓመት ሁለት ጊዜ ይደገማል።

የታጠበው አፈር ውኃው የሄደበት ይሄዳል። በሰሜን ክዳን የወረደው በታችኛው አዋሽ ሜዳ ላይ ይተኛል። በደቡብ ክዳን የወረደው ከባሌና ከአርሲ ተራሮች ከሚመጣው ጋር ተቀላቅሎ በጎዴ በኩል አልፎ ሶማሊያ ይገባል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 በለድወይን የተባለችው የሶማሊያ ከተማ በዋቢ ሸበሌ ጎርፍ ስትዋጥና ነዋሪዎቿ ቤታቸውን ጥለው ሲሸሹ፣ ውኃው የመጣው በአብዛኛው በኢትዮጵያ ደጋዎች ላይ ከወረደው ዝናብ ነበር። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ጎርፉ ተመልሶ መጣ።